መልስ፦ ከአሜሪካኖቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከኦሃዮ ስቴትና ከፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ማርሽ ባንድ የቱ ይበልጣል?
ወንድሜ፣ ሁለቱን ማወዳደር ከባድ ነው፤ እንደምትፈልገው ነገር ይለያያል።

ለሰልፍ ጥራት ኦሃዮ። ክላሪኔት የለ፣ ፍሉት የለ፤ ጡሩምባና ከበሮ ብቻ ስለሆነ ድምፁ ስታዲየሙን ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ «ኦሃዮ» (Ohio) የሚለውን ስም እየተሰለፉ በራሳቸው ቅርጽ ሜዳው ላይ ይጽፉታል። መጨረሻ ላይ ያን የሚያክል ሱሳፎን (ሰውነት ላይ የሚጠመጠም ትልቅ ጡሩምባ) የተሸከመ ልጅ እግሩን እያነሳ ሄዶ የ«አይ» ፊደል ነጥብ ቦታ ላይ ይቆምና ኮፍያውን አውልቆ ለግራም ለቀኝም ጎንበስ ሲል፣ ጩኸቱ ጎል የገባ ነው የሚመስለው።

ለሾው ከሆነ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የፍሎሪዳው ባንድ፣ ማርቺንግ ሃንድረድ የሚሉት፣ አቻ የለውም። ዊልያም ፎስተር ከ1946 ጀምሮ የገነባው ባንድ ነው፤ በ1989 ፈረንሳይ የአብዮቷን 200ኛ ዓመት ስታከብር አሜሪካን ወክሎ ፓሪስ ላይ ተሰልፏል። ጉልበታቸው እስከ ወገብ ይነሳል፣ ጡሩምባው ከአፋቸው ሳይወርድ ይጨፍራሉ። አንዳንዴ ጭፈራው ሲጦፍ ድምፁ ትንሽ ይሳሳል፣ ማን ግድ አለው!

እንደ ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ያሉ የጥቁሮቹ ኮሌጆች የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ልታይ ከገባህ ደግሞ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ እንዳትወጣ። «አምስተኛው ሩብ» የሚሉት አለ፦ ሁለቱ ባንዶች ከየመቀመጫቸው ተራ በተራ በሙዚቃ ይፎካከራሉ። እኔ ከኳሱ ይልቅ የምወደው እሱን ነው።