ዝናብ የእግዚአብሔር ከሆነ ሰው የአየር ንብረትን ሊለውጥ ይችላል?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ በማኅበራችን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወንድም «ዝናብን የሚሰጥም የሚከለክልም እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ለወጠው ማለት የፈጣሪን ሥልጣን ለፍጡር መስጠት ነው» አለ፤ ሌላው የሳይንቲስቶችን ጥናት ጠቅሶ ተቃወመው። «መዝራትና ማጨድ አያቋርጡም» የሚለውን ቃል ኪዳን እያመንን ለውጡ የሰው ሥራ ነው ብለን መቀበል እንችላለን? ከተቀበልንስ ዝናብ ሲጠፋ ምህላ መያዛችን ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የጠቀሱት ቃል (ዘፍ. 8፥22) በጋና ክረምት መፈራረቃቸውን እንደማይተዉ ይናገራል እንጂ በየክረምቱ በቂ ዝናብ ይዘንባል አይልም። ከዚያ ቃል ኪዳን በኋላ በአብርሃምም በይስሐቅም ዘመን ረኃብ ሆኗል፤ በያዕቆብ ዘመን ደግሞ ሰባት ዓመት ጸንቷል። ዮሴፍም ነገሩ ከእግዚአብሔር መሆኑን ለፈርዖን ከነገረው በኋላ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በጥጋቡ ዘመን ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛው እጅ እንዲከማች መከረ እንጂ።

ለውጡን ያመጣው ማን እንደሆነ ግን የሚታወቀው በልኬት ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ሙቀትን አፍኖ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ጭማሪው ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ምልክትም አለው፤ ከምድር ሆድ የሚወጣው ከሰልና ነዳጅ እጅግ ረጅም ዘመን ተቀብሮ የኖረ ስለሆነ በሕያዋን ውስጥ የሚገኘው ካርቦን 14 (በዘመን ብዛት እየጠፋ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት) አልቆበታል፣ ከባቢ አየሩም በዚህ ባዶ ካርቦን ሲበረዝ ተለክቷል። ሙቀቱ ከፀሐይ ቢሆን ኖሮ አየሩ ከታች እስከ ላይ በሞቀ ነበር፤ የሚታየው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው ሲቀዘቅዝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሊቃውንት ጉባኤም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የሰው ሥራ ምድርን ማሞቁ እንደማያጠራጥር ገልጿል።

ይህን መቀበል የፈጣሪን ሥልጣን መንካት አይደለም። ሕይወትን የሚሰጥ እግዚአብሔር ሆኖ ሳለ ቃየል ወንድሙን ገድሏል፤ ስለዚህ ግን ቃየል የአምላክን ሥልጣን ወሰደ የሚል የለም። እንዲያውም ለቃየል የተነገረው «ምድርንም ባረስህ ጊዜ እንግዲህ ኃይልዋን አትሰጥህም» የሚለው ፍርድ፣ የሰው በደል መሬቱ ድረስ እንደሚደርስ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ለውጡን ከመካድ የማይሻል ሌላ ስሕተት አለ። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ ያለቀበትን አርብቶ አደር «ኃጢአትህ ነው» ማለት፣ ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው አሥራ ስምንት ሰዎች የከለከለውን ፍርድ መፍረድ ነው። ያ ሰው በዕድሜው ሙሉ ያነደደው ነዳጅ የበለጸገ አገር ሰው በጥቂት ወራት ከሚያነደው ያነሰ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ስለ ምህላው አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። በልጅነቴ ያገለገልሁበት ደብር በካብ የታጠረ፣ ወይራና ጽድ የሞላበት ነበር፤ ከሥሩም ለጠበል የምንቀዳው ምንጭ ይወጣ ነበር። በኋላ ጽዱ ተቆርጦ የኪራይ ክፍሎች ተሠሩበት፤ ምንጩም ደረቀ። ዝናብ በዘገየበት ዓመት ምህላ ታወጀ፤ እኛም በጉቶዎቹ ላይ ተቀምጠን «እግዚኦ መሐረነ» ስንል ስለ ጉቶዎቹ የተናገረ አልነበረም። (ምንጩ የደረቀው ከሩቅ በመጣ የፋብሪካ ጭስ ሳይሆን ዝናቡን ይዞ ወደ ምድር የሚያሰርግ ዛፍና ሥር በመጥፋቱ ነው፤ ሁለቱን ነገር ማደባለቅ አይገባም።) ምህላ ንስሐ ያለበት ልመና ነው፤ ንስሐ ደግሞ የሠሩትን በስሙ ጠርቶ መናዘዝን ይጠይቃል።

ስለዚህ ምህላውን አታስታጉሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም በየቅዳሴው ስለ ዝናም መለመኗን፣ ከሰኔ 26 ጀምሮም በዘመነ ክረምት ስለ ዘርና ስለ ደመና መዘመሯን አታቋርጥም። ነገር ግን ማኅበራችሁ ከጸሎቱ ሲነሣ ሰበካ ጉባኤውን ቀርቦ በቅጽሩ ውስጥ የሚቆረጠው ዛፍ ለምን እንደሚቆረጥ ይጠይቅ፤ በባዶው ስፍራም ወይራና ዝግባ ይትከል። ባሕር ዛፍ አይሁን፤ እርሱ ለሽያጭ ቶሎ ይደርሳል እንጂ ለምንጭ አይሆንም።