ሰውነት ሲቀዘቅዝ የጆሮ ኤሌክትሪክ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ስለ ውስጥ ጆሮ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ስለ ቅዝቃዜ የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጆሮ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። የኮክሊያን (ድምፅ የሚቀበለውን የቀንድ አውጣ ቅርፅ ያለውን የውስጥ ጆሮ ክፍል) መካከለኛ ቦይ የሞላው ፈሳሽ ፖታሲየም የበዛበት ነው፤ ከ80 እስከ 100 ሚሊቮልት አዎንታዊ ቮልቴጅ ይይዛል። የመስማት ተመራማሪው ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ ነው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የለካው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስንቀዘቅዝ ይህ ባትሪ ይደክማል?

መልስ፦ ይደክማል፤ ግን ቀድሞ የሚታየው ለውጥ እሱ አይደለም። ባትሪውን የሚሞሉት ፖታሲየም የሚገፉ የሴል ፓምፖች ናቸው፤ ኦክስጅን ሲቋረጥባቸው ቮልቴጁ በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል። መጠነኛ ቅዝቃዜ ግን እንደዚያ አይጥላቸውም፤ ያዘገያቸዋል እንጂ። ይልቅ ቶሎ የሚነካው የመስማት ነርቭ ነው። በእንስሳት ላይ እንደታየው የነርቩ ምላሽ ይዘገያል፣ መጠኑም ያንሳል፤ በተለይ ለቀጫጭን ድምፆች። ሰውነቱ ሲሞቅ አብዛኛው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሰው ላይ ታይቷል?

መልስ፦ በደንብ። ለልብ ቀዶ ሕክምና ሰውነታቸው በሚቀዘቅዝ ሕሙማን ላይ ድምፅ ከጆሮ ወደ አንጎል ግንድ ሲያልፍ የሚመዘገበው ሞገድ እየዘገየ ይሄዳል። በጣም ሲቀዘቅዙም ጨርሶ ይጠፋል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ፦ የታካሚውን ሙቀት ሳይለኩ ይህን ምርመራ ማንበብ አደገኛ ነው። ብርድ ያዘገየውን ሞገድ የነርቭ በሽታ ነው ብሎ መተርጎም ይቻላላ! ሞገዱ ጠፋ ተብሎ አንጎል ሞቷል ማለት ደግሞ የባሰ ነው።

ጥያቄ፦ ብርድ ውስጥ ብቆም መስማቴ ይቀንሳል?

መልስ፦ አይቀንስም። ውስጥ ጆሮ አጥንት ውስጥ ጠልቆ ተቀምጧል፤ የሚጎዳው የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ሲወርድ ነው።

ጥያቄ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮዬ ሲገባ ግን ያዞረኛል።

መልስ፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚነካው የሚዛን ክፍሉን ነው። አንዱ ጎን ሲቀዘቅዝ በሚዛን ክፍሉ ግማሽ ክብ ቦዮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከብዶ በስበት ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ አንጎል ጭንቅላቱ የዞረ ይመስለዋል። ሐኪሙ ሮበርት ባራኒ በ1914 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ያገኘው በሚዛን አካሉ ላይ ባደረገው ጥናት ነው። ዛሬም ሐኪሞች 30 እና 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ጆሮ ውስጥ አፍስሰው፣ ዓይን ሳይታዘዝ ወዲያ ወዲህ ሲል በማየት ይመረምራሉ። የሚገርመው፣ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ስበት በማይሰማበት ጠፈር ላይ ሲሞከርም ዓይን እንደዚያው ወዲያ ወዲህ ብሏል፤ ስለዚህ ፈሳሹ በስበት መንቀሳቀሱ ብቻውን ምክንያት አይደለም።

ጥያቄ፦ ማቀዝቀዝ ጥቅም የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አለው። የቀዘቀዘ ሴል የሚፈልገው ኦክስጅን ያንሳል፤ በእንስሳት ሙከራ መለስተኛ ቅዝቃዜ የድምፅ ተቀባይ ሴሎችን ከጉዳት ሲከላከል ታይቷል። እቤት በበረዶ አትሞክሩት እንጂ።