«የሚመለከተው አካል» ማነው? ስለ አደባባይ ንግግር ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩ

አማርኛ ሳስተምር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። የተማሪዎች ክርክር ክበብም ለዓመታት መርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሰፈር ሰው ማመልከቻውን ይዞ ይመጣና «እስቲ አቃናልኝ» ይለኛል። ሰሞኑን «ስለ ንግግርና ስለ ፖለቲካ ያሻችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስድብ ብቻ የሆኑትን ትቼ፣ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ንግግር ማሳመር ሰውን በጨዋ ቋንቋ መሸወድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አንዳንዴ ነው። «አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ» ያልነው እኛው ነን። ግን የድሮውን ሙግት አስብ። «ተጠየቅ!» ብሎ የሚነሳ ተሟጋች ጋቢውን አስተካክሎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በግጥም ሲያወርደው ባላጋራው ፊት ለፊቱ ቆሞ ነው። ተራው ሲደርስ እሱም ያወርደዋል። ዳኛም አለ፣ የከበበው ሰውም ይሰማል። ያማረ ንግግር የሚያስፈራኝ መላሽ ሲያጣ ነው። መድረኩም ማይኩም የአንድ ሰው ሲሆን።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከአማርኛ ንግግሮች አንዱን ብቻ ምረጥና አጥና ብባል የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ የአፄ ምኒልክን የክተት አዋጅ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀውን፣ ወደ ዓድዋ ያዘመተውን። አጭር ናት። በአንድ ትንፋሽ ትነበባለች።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው «ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም» የሚለውን ነው። ቲሸርት ላይም አይቼዋለሁ። አንተ ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከት። መጀመሪያ የእግዚአብሔርን ቸርነት ያነሳሉ፣ ከዚያ ጠላት ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ይናገራሉ። ቀጥለው፣ ከመጠየቃቸው በፊት፣ ከሰሚው ጋር ሒሳብ ያወራርዳሉ፦ «ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም።» ንጉሠ ነገሥት እኮ ነው ይህን የሚለው! ማዘዝ ሲችል መጀመሪያ «ተጣልተን አናውቅም» ይላል። ከዚያ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» ይመጣል። ጉልበት የሌለውስ? እሱም አልተተወም። ለልጁ፣ ለሚስቱ፣ ለሃይማኖቱ ሲል በሐዘኑ እንዲረዳ ተጠይቋል። ሽማግሌውም፣ አካል ጉዳተኛውም፣ መነኩሴውም ሥራ ተሰጣቸው። «እኔን አይመለከተኝም» የሚል ሰው መግቢያ አጣ። ማስፈራሪያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አስቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ተራ ዛቻ ይሆን ነበር።

ቲሸርት ላይ የማይጻፈው ደግሞ መጨረሻው ነው። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከቶ ይጠብቀኝ ይላል። ቦታ አለ፣ ቀን አለ። አዋጁን የሰማ ገበሬ «እና ምን ላድርግ?» ብሎ አይጠይቅም። በቅሎውን ነው የሚጭነው። የዛሬ ፖለቲከኞቻችን የዚህን አዋጅ ቁጣ ቀድተው ወረኢሉን ይረሳሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ያስጨበጭቡንና የት እንደምንሄድ ሳይነግሩን ወደ ቤታችን ይሸኙናል።

ጥያቄ፦ «መሬት ላራሹ» ለምን ያን ያህል ሰራ?

መልስ፦ ሁለት ቃል ነው፣ ግን ምን እንደሚፈለግ አለ፣ ለማን እንደሆነም አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. ይዘውት ወደ ፓርላማ ሲወጡ ተርጓሚ አላስፈለገውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። አሥር ዓመት መሆኑ ነው።

ነገር ግን «ላ» የምትለዋን ፊደል ልብ በሉ። ብዙ ሰው «ንብረቱ ይሁን» ብሎ ሰማት። አዋጁ ግን መሬቱን የሕዝብ አድርጎ ለአራሹ የመጠቀም መብት ሰጠው፤ ጣሪያውም 10 ሄክታር። ሁለቱም «ለአራሹ» ነው እንግዲህ። መፈክር ሲያጥር ዋጋ ያስከፍላል። ያልተባለውን የሚሞላው ሥልጣን የያዘው ነው።

ከዚህ ጋር የደርግን መፈክር «ኢትዮጵያ ትቅደም»ን አስተያዩ። ከማን ትቅደም? ምን አድርጋ? መልስ የለውም፤ ስለዚህ ተቃዋሚም የለውም። «አትቅደም» የሚል ማን ይወጣል? «ያለ ምንም ደም» ተብሎ ይዜም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ተረሸኑ። መፈክሩ በማግስቱም ቀጠለ።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ውሃ ጠፍቶብን ሦስት ማመልከቻ አስገባን፣ መልስ የለም። የመጨረሻውን ልኬልዎታለሁ። ምን ቸገረው?

መልስ፦ እህቴ፣ አማርኛዎ እንከን የለውም። ችግሩም እሱ ነው። የላኩልኝ እንዲህ ይላል፦

«በአካባቢያችን እየተከሰተ ያለው የመጠጥ ውሃ አቅርቦት እጥረት ነዋሪውን ለከፍተኛ እንግልት እየዳረገ ስለሚገኝ የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን ትኩረት በመስጠት አፋጣኝ መፍትሔ እንዲሰጠን በትህትና እንጠይቃለን።»

እስቲ «የሚመለከተው አካል»ን በር አንኳኩና ፈልጉልኝ። ወንበር የለው፣ ስልክ የለው። ደብዳቤውን የተቀበለው ሰውዬ ሲያነበው እሱም «የሚመለከተው አካል ቢያየው ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። እውነቱን ነው፣ ስሙ የለበትማ! «እጥረት» ስንት ቀን ነው? «እንግልት» ስንት ጀሪካን ነው? «ትኩረት» መስጠትስ ምን ማድረግ ነው? አንገት ነቅንቆ «ትኩረት ሰጥቻለሁ» ቢልዎት ምን ይሉታል?

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፤ ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩ፦

«ከጥር 3 ጀምሮ ቧንቧችን ውሃ አላወረደም። 64 አባወራዎች አንዱን ጀሪካን በ30 ብር እየገዛን ነው። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ እስከ ዓርብ ድረስ መስመሩን የሚያይ ባለሙያ እንዲልኩልን፣ ይህ ካልተቻለም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን።»

ግርጌው ላይ ፊርማ፣ ኮፒው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም። ትህትናው አልጠፋም፣ ማምለጫው ነው የጠፋው።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል፣ ከነታንያ ከተማ ነው የምጽፍልዎ። ሰልፍ ስንወጣ ባነሩን በአማርኛ እናድርገው ወይስ በዕብራይስጥ? ወጣቶቹና ወላጆቻችን ተከራከርን።

መልስ፦ ባነሩን እንዲያነብ የምትፈልጉት ሰው በሚያነበው ቋንቋ። ፖሊስና ሚኒስትር ከሆነ ዕብራይስጥ ነው። አማርኛው ለዘፈኑና ለእርስ በርሳችሁ ይሁን፤ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም፣ እናቶችን ሰልፉ ውስጥ የሚያቆየው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ወላጆቻችሁ በኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት በሺዎች ሆነው ሲወጡ ነገሩ ቀድሞ ተተርጉሞላቸው ነበር። የለገሱት ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ጋዜጣ አጋልጦ ነው የወጡት። በአማርኛ ደም፣ በዕብራይስጥ ዳም። ገና ዕብራይስጥ ያልለመደ ሽማግሌም ሆነ አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ እስራኤላዊ ያችን አንዲት ቃል ይሰማታል። እንዲህ ያለ ቃል ስታገኙ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት።

ጥያቄ፦ ጥሩ ንግግር ተደርጎ ምንም ካልተለወጠስ?

መልስ፦ ያጋጥማል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። ፈረንሳይኛ ያውቃሉ፣ በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨት አወኩ። ንጉሡ ቆመው ጠበቁና ቀጠሉ። ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ስለሚርከፈከፈው መርዝ ዘረዘሩ። ማሳረጊያቸው ጥያቄ ነበር፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ የሚል።

መልሱ? ማኅበሩ በማግሥቱ ወር በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። አዳራሹ ውስጥ ንግግሩ ተሸንፏል። ግን ጥያቄው መዝገብ ላይ ቀረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጦርነቱ የመላሾቹን በር ሲያንኳኳ መልሶ ተነበበ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ሜዳ ላይ ለነበረው አርበኛ በዚያ ክረምት ምንም አልፈየደለትም።

ጥያቄ፦ እንደ ማርቲን ሉተር ኪንግ «ህልም አለኝ» ዓይነት ንግግር ልጽፍ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሁለት ዶላር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1963 ዋሽንግተን ላይ የተካሄደው ሰልፍ ስሙ «ለሥራና ለነፃነት» ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 2 ዶላር ይሁን የሚል ነው። ህልሙ ከዚያ ላይ ነው የበረረው። ሁለት ዶላርህን ሳትይዝ ህልም ብትነግረን እንቅልፍ ነው የሚወስደን።

ጥያቄ፦ ተቃዋሚን በእንስሳ ስም መጥራት ቅኔ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። በሩዋንዳ የአርቲኤልኤም ሬዲዮ ቱትሲዎችን «በረሮ» ሲል ሰነበተ። በ1994 እ.ኤ.አ. የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሩሻ የተሰየመው ፍርድ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. የሬዲዮው መሥራቾች ላይ ፈርዷል። በእኛም አገር የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ሰምና ወርቅ ሰሚውን ያሳስባል፤ ይሄኛው ማሰቡን ያስተወዋል።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ዕድል ሲሰጠኝ እንቀጠቀጣለሁ። መድኃኒት ካለው?

መልስ፦ የለውም፣ እኔም እስከ ዛሬ እንቀጠቀጣለሁ። ወረቀቱን ካርቶን ላይ ለጥፈው፣ ቢያንስ አይንኮሻኮሽም። አንዴ አንድ አዳራሽ ውስጥ ልናገር አራት ገጽ ጽፌ ሄድኩ። ሰብሳቢው «ሁለት ደቂቃ አለዎት» አለኝ። ለክቡራንና ለክቡራት ሰላምታ ሳቀርብ ሁለቱ ደቂቃ አለቀ፤ ቁጭ በሉ ተባልኩ፣ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የምጽፈው። ቢቆረጥ ሰላምታው ይቆረጥ።