ቀላሉ ትእዛዝ ሲከብድ

ልጆቼ፣

አንዲት ወጣት «እንደ ሕፃን ማመን ማለት መጠየቅ ማቆም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደለም» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ጥያቄው ግን የብዙዎቻችሁ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ጻፍሁ።

ማቴዎስ 18ን ከመጀመሪያው አንብቡት። ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ስለ ወንበር ነበር፦ በመንግሥተ ሰማያት ማን ይበልጣል? ጌታ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው ያቆመው ለዚህ ጥያቄ ነው። ሕፃን አይዋሽም፣ አያኮርፍም እየተባለ የሚሰበከው ከዚያ ምዕራፍ አልተገኘም። እርሱ ራሱ ማቴዎስ 11 ላይ በገበያ ተቀምጠው ባልንጀሮቻቸውን የሚወቅሱ ልጆችን ጠቅሷል፤ የልጅ ጠባይ አልጠፋውም። 18፥4 ላይ የተናገረው ራስን ዝቅ ስለ ማድረግ ነው። ሕፃን ማዕረግ የለውም፤ ሲጠሩት ይመጣል፣ የሰጡትን ይቀበላል።

ይህን አጉልቶ የሚያሳየው 2ኛ ነገሥት 5 ላይ ያለው ንዕማን ይመስለኛል። የሶርያ ንጉሥ የሠራዊት አለቃ ነው፤ ኃያል፣ ግን ለምጻም። ሊፈወስ እንደሚችል የሰማው ከእስራኤል ተማርካ ሚስቱን ከምታገለግል ትንሽ ልጅ ነው፤ ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ልጅቱ ነቢዩን ኤልሳዕን ጠቆመች። እርሱ ግን በትልቅ ሰው ወግ የንጉሥ ደብዳቤ አስይዞ፣ 10 መክሊት ብር፣ 6,000 ወርቅና 10 መለወጫ ልብስ ጭኖ ወደ እስራኤል ንጉሥ ሄደ። ንጉሡም ጠብ ፍለጋ መስሎት ልብሱን ቀደደ። በመጨረሻ ፈረስና ሰረገላው ኤልሳዕ ደጅ ቆመ። ኤልሳዕ ብቅ አላለም፤ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ብሎ መልእክተኛ ላከበት።

ንዕማን ተቆጣ። ቁጣውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ፈውሱ እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ በልቡ ጨርሶት ነበር፦ ነቢዩ ይወጣል፣ ይቆማል፣ የአምላኩን ስም ይጠራል፣ እጁን በለምጹ ላይ ያነሣል። ከዚያ ደግሞ ወንዝ ማወዳደር ጀመረ፤ የደማስቆዎቹ አባናና ፋርፋ አይሻሉም ወይ? ይሻሉ ይሆናል። የታዘዘው ግን ወንዝ እንዲመርጥ አልነበረም። ከቁጣው የመለሱት ደግሞ አገልጋዮቹ ናቸው፦ ነቢዩ ትልቅ ነገር ቢያዝህ ታደርገው አልነበረም ወይ አሉት። አለቃው የሎሌዎቹን ምክር ሰምቶ ወረደ። ሰባት ጊዜ ጠለቀ፤ ሥጋውም እንደ ትንሽ ብላቴና ሥጋ ሆነ ይላል። በትንሽ ልጅ ቃል ተነሥቶ የልጅ ገላ ይዞ ወጣ።

ያንኑ ምዕራፍ ሳትዘጉ ግያዝንም ተመልከቱት። ነቢዩን በቅርብ የሚያገለግል እርሱ ነበር፤ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት ልብስ በውሸት ተቀበለ፣ የንዕማንም ለምጽ ተጣበቀበት። በአገልግሎት ውስጥ መኖር ብቻውን ትሕትና አያመጣም።

አትቀየሙኝና፣ የዛሬ ወጣቶች ትልቁን ነገር ትወዳላችሁ። ረጅም ጾም፣ የሌሊት ጸሎት፣ «ዓላማዬ ምንድን ነው» የሚል ራእይ ፍለጋ ይጥማችኋል፤ ከወንድምህ ታረቅ ሲባል ግን ወንዝ ማወዳደር ይመጣል። በአንድ ነገር ግን ትበልጡናላችሁ፤ ትጠይቃላችሁ። ሉቃስ 1 ላይ ዘካርያስም ማርያምም መልአኩን ጠይቀዋል። ዘካርያስ ለማመን ምልክት ፈለገ፤ ዲዳ ሆነ። ማርያም እንዴት እንደሚሆን ጠየቀች፤ ተብራራላት፣ «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» አለች። ጳውሎስም ለክፋት ሕፃናት ሁኑ፣ በአእምሮ ግን ብሰሉ ይላል (1ኛ ቆሮንቶስ 14፥20)።

ታዘዙ ስላችሁ «እግዚአብሔር ነገረኝ» ላለ ሁሉ አይደለም። 1ኛ ነገሥት 13 ላይ ከይሁዳ ወደ ቤቴል የመጣው የእግዚአብሔር ሰው በዚያ ስፍራ እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃም እንዳይጠጣ ታዝዞ ነበር። በቤቴል የሚኖር ሽማግሌ ነቢይ መልአክ ነግሮኛል ብሎ ዋሸው፤ ሄዶ በላ፣ በመንገድ አንበሳ ገደለው። ሽበት ማስረጃ አይሆንም፤ የእኔም ጭምር። የታዘዛችሁት ከተጻፈው ይጋጫል? ተናጋሪው ከመታዘዛችሁ ገንዘብ ወይም ሥልጣን ያገኛል? «ለማንም እንዳትናገሩ» ተብላችኋል? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎን» ከሆነ ቁሙ፤ ሌላ የምታምኑት ሰው አማክሩ።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፣ ከማቴዎስ 5 እስከ 7 ያሉትን ሦስት ምዕራፎች እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ፤ አድርግ፣ አታድርግ የሚለውን ብቻ አስምሩ። ካሰመራችሁት ውስጥ የሰው ስም ልትጽፉበት የምትችሉትን አንዱን ምረጡ። ለብዙዎች 5፥23-24 ይሆናል፦ ወንድምህ ቅር የተሰኘብህ እንደ ሆነ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ። ቀኑን ቁረጡ፤ ስሜቱ እስኪመጣ ከጠበቃችሁ አይደረግም። ብቻችሁን ሂዱ። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት፤ «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» ማለት ጥፋቱን ወደ እርሱ መግፋት ነው። «ግን አንተም» የሚለው ከገባ ይቅርታው ክርክር ሆነ። ገንዘብ ከሆነ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ከመጣችሁ በኋላ ለጓደኛ አታውሩት፤ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለው 6፥3 ያሰመራችሁት ውስጥ አለ።

ሰውዬው ፊት ቢነሣችሁስ? ሮሜ 12፥18 «በእናንተ በኩል» ይላል። በእናንተ በኩል ያለውን አድርጋችሁ ተመለሱ፤ ዛሬውኑ ይቅር እንዲላችሁ አታስጨንቁት።