ቪኤ «ካሳ አይገባህም» ብሎ ለመለሰብህ የኮምቦልቻው ወንድማችን

አብሽር ወንድሜ። በአሜሪካ ጦር መካኒክ ሆነህ ስታገለግል ጀርባህን ተጎዳህ፤ አገርህ ገብተህ የጉዳት ካሳ ስትጠይቅ ቪኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ «ሕመሙ ከአገልግሎትህ ጋር አይገናኝም» ብሎ መለሰብህ። አሁን «ትቼው እንደ አዲስ ላመልክት ወይ?» ትላለህ። በፍጹም። እኔም ደሴ ተቀምጬ ያለፍኩበት ነውና የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበው። ብዙ ሰው «ዲናይድ» (ተከልክሏል) የምትለዋን ያይና ወደ ኪሱ ይከተዋል። ውስጡ ግን «ፌቨረብል ፋይንዲንግስ» የሚል ክፍል አለ፤ ያመኑልህ ነገር እዚያ ይዘረዘራል። ሕመሙ አሁን መኖሩንና በአገልግሎት ላይ ሳለህ መጎዳትህን ከተቀበሉ፣ ቀጣዩ ውሳኔ ሰጪ እንዲሁ በቀላሉ አያፈርሰውም። የሚቀርህ ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም ማስረጃ ነው። የእኔም ፋይል የጎደለው እሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ውሳኔውን ለመቃወም ሦስት መንገድ አለ። አዲስ ማስረጃ ካለህ ሰፕልመንታል ክሌም (ተጨማሪ ማስረጃ ይዞ መልሶ መጠየቅ) ነው፣ በፎርም 20-0995። ማስረጃው ፋይሉ ውስጥ እያለ ካለፉት ሃየር ሌቭል ሪቪው (በበላይ ገምጋሚ እንዲታይልህ) ትጠይቃለህ፤ እዚያ አዲስ ወረቀት አይቀበሉም። ሦስተኛው ዳኛ ፊት የሚያደርስህ የቦርድ አፒል (ለቪኤ የይግባኝ ቦርድ የሚቀርብ ይግባኝ) ነው። እሱን ለጊዜው እርሳው፤ ያንተ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ሐኪሙ ደብዳቤ። እኛ አገር የለመድነው «የጀርባ ሕመም አለበት፣ ክትትል ያስፈልገዋል» የሚል፣ ማኅተሙ ከጽሑፉ የሚበልጥ ወረቀት ነው። ለቪኤ አይበቃም። ሐኪሙ የወታደር ቤት የሕክምና መዝገብህን ማየቱን ይጻፍ። ሕመሙ ከአገልግሎትህ የመጣ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ 50 በመቶ ነው ይበል፤ በእነሱ አባባል «አት ሊስት አዝ ላይክሊ አዝ ኖት»። ከዚያ ለምን እንዲህ እንዳለ ያስረዳ። ምክንያት የሌለው ደብዳቤ ሚዛን አይደፋም። እኔን ያየኝ ሐኪም መጀመሪያ «ሕመም በመቶኛ እንዴት ይጻፋል?» ብሎ ግራ ገባው። መዝገቡን ካገላበጠ በኋላ ግን ለዓመታት ከባድ ዕቃ ማንሳት ዲስክ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አንድ አንቀጽ ጻፈልኝ። የፈረደችልኝ ያቺ አንቀጽ ናት።

አብሮህ የነበረ ወታደር ያየውን ቢጽፍልህ ደግሞ ጥሩ ነው። እናትህም ቢሆኑ ከመጣህ ጀምሮ ጎንበስ ብለህ ጫማህን ማሰር እንዳቃተህ ይመስክሩ፤ እንግሊዝኛ አለማወቃቸው ችግር የለውም፣ አስተርጉመህ አያይዘው።

ቀኑን ጠብቅ። ውዝፉን ሳታጣ መልሰህ ለመጠየቅ ያለህ አንድ ዓመት የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ነው እንጂ እጅህ ከገባበት አይደለም። አሜሪካኖቹ ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሰው እንዳትሳሳት። ዓመቱ ካለፈም ሰፕልመንታል ማስገባት ይቻላል፣ ግን ካሳው መታሰብ የሚጀምርበት ቀን ወደፊት ይገፋብሃል። ውዝፉ ቀረ ማለት ነው።

«እኔ እጨርስልሃለሁ፣ ግማሹ የኔ» ከሚል ሰው ራቅ። እንደ ዲኤቪና አሜሪካን ሊጅን ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነፃ ይወክላሉ። ኮምቦልቻ መኖርህም ካሳውን አያስቀርብህም። ከተፈቀደልህ ለዚያው ሕመም የምትታከምበትን ወጪ ውጭ አገር ለሚኖሩ ባላቸው የሕክምና ፕሮግራም ይሸፍኑልሃል፤ ደረሰኝ አትጣል።

ስምህንና የፋይል ቁጥርህን ሸፍነህ የምክንያቱን ገጽ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።