ክኒኑና ሐረጉ አንድ ሆድ ውስጥ አይገቡም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ሥራዬ ሲቲ ዞን እየተዘዋወርኩ የድርቅ መረጃ መሰብሰብ ነው። ከብቱ ሲያልቅ፣ ቤተሰብ ሲበተን እያየሁ ዓመታት አለፉ። አየሩ ገና ይብሳል ሲባል ልጅ መውለድ እንኳ ፈራሁ። እንቅልፍ የለኝም። ፍሎክሲቲን የተባለውን የድብርት ክኒን ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ፤ ከሰዓት ደግሞ ጫት እቅማለሁ። ውጭ ያለች ጓደኛዬ «ፔሩ ሄደን አያዋስካ እንጠጣ፣ ሐዘኑን ያወጣልሻል» ትለኛለች። ልሂድ?

መልስ፦ ድሬ አንቱታ አያውቅምና አንቺ ልበልሽ። እህቴ፣ ክኒኑን እየዋጥሽ አያዋስካ እንዳትጠጪ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

አያዋስካ የአማዞን ሰዎች ከአንድ ሐረግና ከሌላ ተክል ቅጠል አፍልተው የሚጠጡት ነው። ራእይ የሚያሳየው ቅጠሉ ነው፤ ብቻውን ቢጠጣ ግን አንጀትና ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ያከሽፈዋል። ሐረጉ ያንን ኢንዛይም ሥራ ያስፈታዋል። ፍሎክሲቲን ደግሞ አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛል። ያ ኢንዛይም ሴሮቶኒንንም የሚያፈርስ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ሴሮቶኒኑ ልክ ያልፋል፦ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተር፣ መቃዠት፤ ሊገድልም ይችላል። ትኬት ሲቆረጥ ክኒኑን ማቆም መፍትሔ አይደለም። ፍሎክሲቲን ከቆመ በኋላ እስከ አምስት ሳምንት ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ በራስሽ ካቆምሽው ደግሞ ድብርቱ ይመለስብሻል። ጫቱንም አትርሺ። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካቲኖን፣ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ኢንዛይሙ ሥራ ሲፈታ ግፊቱ በአንዴ ሊያሻቅብ ይችላል።

ጓደኛሽ የሰማችው ከመሬት የተነሣ ወሬ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ መድኃኒት ካልሠራላቸው 233 የድብርት ሕሙማን መካከል ከእንጉዳይ የሚገኘውን፣ እንደ አያዋስካ ራእይ የሚያሳየውን ሲሎሳይቢን 25 ሚሊግራም የወሰዱት፣ 1 ሚሊግራም ከወሰዱት ይልቅ በሦስተኛው ሳምንት ተሽሏቸዋል። ግን ቀድመው ተመርምረው፣ ክኒናቸውን በሐኪም ክትትል አቁመው፣ ባለሙያ አጠገባቸው ተቀምጦ ነው። እንዲያም ሆኖ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣባቸው ነበሩ።

ሐዘንሽን በሽታ አልለውም። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ እኔም ዳርቻው ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ። እንቅልፍ ማጣቱ ግን ይታከማል፤ ከሰዓት እየቃምሽ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢልሽ አይገርምም። በስድስት ወር ካልተሻለሽ የክኒኑ መጠን ወይም ዓይነት መታየት አለበት። ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ጫቱንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ስለ ልጁ እንቅልፍ ባጣ አእምሮ አትወስኚ። ሞት ሞት የሚልሽ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ያንኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ግቢ።