መልስ፦ ኢ-ኢንክ ስክሪን ላይ ቪዲዮ ይሄዳል ወይ?
ወንድሜ ኢ-ኢንክ (እንደ ኪንድል ባሉ የመጽሐፍ ማንበቢያዎች ላይ ያለው ስክሪን) ላይ ቪዲዮ ይሄዳል ወይ ላልከው፣ እንደ ስልክ ስክሪን አትጠብቀው። ውስጡ ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ፈሳሽ ውስጥ አሉ፣ ቮልቴጅ ሲያገኙ ነው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሱት እሱ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፣ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ነው ስክሪኑ ግን አንዱን በደንብ ለመቀየር ብቻ ግማሽ ሰከንድ ገደማ አንዳንዱም ከዛ በላይ ይወስድበታል። ኤ2 የሚባል ፈጣን ሞድ ያላቸው አሉ፣ ግን ግራጫ የለም ጥቁርና ነጭ ብቻ፣ የቀድሞው ምስል ጥላም ይቀርበታል። እኔ ብሆን ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር ነው) ላይ አገናኝቼ በየ3 ደቂቃው አንድ ፍሬም ነበር የማሳየው፣ የ2 ሰዓት ፊልም 360 ቀን ይሄዳል ማለት ነው፣ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የምር ያምራል! ፍሬሞቹን በኤፍኤፍኤምፔግ (የቪዲዮ ሶፍትዌር ነው) አውጣና ዲዘሪንግ (ግራጫውን በጥቁርና ነጭ ነጥቦች ማስመሰል) አድርግባቸው፣ ያለሱ ፊት ሁሉ ጥቁር እድፍ ነው የሚመስለው።